ስለ ቀንድ አውጣ ብሎ ራስ ደጀን

ኑ ቅረቡ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከደሴ ተነስታችሁ የወልድያን መንገድ ስትይዙ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። መንገደኛው ሁሉ ውኃውን አይቶ፣ እስጢፋኖስን ከሩቅ ተሳልሞ፣ ዓሣውን በልቶ ያልፋል። ከዚያ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ኮረብታ መሀል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ሐይቅ እንዳለ ልብ የሚል ጥቂት ነው። አርዲቦ ይባላል። የእሱ ትርፍ ነው በወንዝ ወርዶ ታችኛውን ሐይቅ የሚጨምረው።

እንግዲህ አንድ የሐይቅ ልጅ ነበር እንበል። ስሙን አትጠይቁኝ፤ እንበል ብያለሁ። ይህ ልጅ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ራስ ደጀንን እወጣለሁ አለ። ለምን ቢሉት፣ ለሕክምና ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ አለ። ሰፈሩ ሳቀበት። እውነትም በወሎ ተራራ መውጣት ብርቅ ነው እንዴ? መስከረም 21 ሲቃረብ ልጅ ያዘለች እናት ሳትቀር፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ግሸን ማርያም ለመድረስ የአምባሰልን ገደል ይወጡት የለም? ለእነሱ ማንም አይከፍላቸውም፤ እንዲያውም ስለታቸውን ቋጥረው የሚሄዱት ራሳቸው ናቸው።

ልጁ ግን የቴሪ ፎክስን ታሪክ ሰምቷል። ቴሪ ካናዳዊ ነው፤ ቀኝ እግሩን በካንሰር ያጣ ወጣት። በ1980 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሳ። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ የጠየቀው አንድ ዶላር ብቻ ነበር። 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሸፈነ በኋላ በሽታው ሳንባው ገብቶ አስቆመው፤ በዓመቱም ሞተ። በስሙ የሚሰበሰበው ገንዘብ ግን ዛሬም ለካንሰር ምርምር ይውላል።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፤ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይሞላል፤ በገመድ ጀርባው ላይ ጠፍሮ ወደ አርዲቦ የሚያወጣውን ዳገት ይያያዘዋል። ጫፍ ሲደርስ ውኃውን ይደፋዋል። ቂል ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ዳገት ላይ ሸክም ጡንቻ ያጠነክራል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበት ይበላል። ተራራ ወጪዎች የሚያደርጉት ነው። ይህን ግን ከላይ ጎጆዋ ደጃፍ የቆመች አንዲት እናት የት ታውቃለች? ውኃው መሬት ላይ ሲንዶለዶል አይታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ የደላህ! እኛ እንስራ ተሸክመን ወገባችን ተቀጨ፤ አንተ እዚህ ድረስ አምጥተህ ትደፋለህ?»

ምን ይመልሳል? በማግስቱ ጀሪካኑን እሷ በርሜል ላይ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ እዚያ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን ንፍሮ ይጠብቀዋል።

ስለ ከፍታው ፈርቶ ነበር። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ነው ይላል፤ አዲሱ ልኬት ወደ 4,550 ዝቅ አድርጎታል። ቢሆንም አየሩ ስስ ነው። አብሽር አሉት፤ የአገርህ ሰው ደም ተመርምሯል። እውነት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰሜን ተራራ ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን ደም መረመሩ። የአንዲስ ተራራ ሰው አየር ሲሳሳበት ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፤ የቲቤቱ ሰው ሄሞግሎቢኑ ባይበዛም ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። የሰሜኑ ገበሬ ደም ግን በሁለቱም ልኬት ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ለሰሜን ሰው ነው። የሐይቅ ልጅ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲያድር የመኝታውን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር የበለጠ ከፍ ማድረግ የለበትም፤ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው ደግሞ መውጣቱን ትቶ መውረድ ነው፤ እልህ አያስፈልግም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ለየትኛው በሽታ? መጀመሪያ ትልልቁን ያስብ ነበር፤ ካንሰር፣ ልብ። አንድ የጤና ባለሙያ ወንዝ ዳር ወሰደውና ልጆች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሲንቦጫረቁ አሳየው። ከድንጋዩ ሥር ጥፍር የምታህል ቀንድ አውጣ አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። የቢልሃርዚያ ትል ማደሪያው ይህች ናት፤ ከእሷ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ጉበትና አንጀት ይጎዳል። ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሐይቅ ከተማን አዲስ የቢልሃርዚያ መገኛ ብለው መዝግበዋታል። ፈውሱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ነው፤ ልጁን በቁመት መለኪያ ዘንግ ያቆሙና እንደ ቁመቱ ይሰጡታል። ኪኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ግን በማግስቱ ያው ውኃ ውስጥ ነው።

ከዚያ የሐይቅ ጥናት አጥኚዎች አንዱ ከአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ነበሩ። አክሊሉን ታውቋቸዋላችሁ? በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ሲንሳፈፍ ያዩት እሳቸው ናቸው። እናቶቻችን ጋቢ የሚያነጡበት እንዶድ! የዐድዋውን ወንዝ ዓመታት በእንዶድ ሲያክሙት የትንንሽ ልጆቹ በሽታ በእጅጉ ቀነሰ። ታዲያ ዓለም እሰይ አለ? የለም። መርዛማነቱ በእኛ ደረጃ፣ በእኛ ላቦራቶሪ ካልተፈተሸ አሉ የውጭዎቹ፤ ፍተሻው ውድ ነው፤ ገንዘብ ሲፈለግ ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ። እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ዕፁ በጓሯችን፣ አዋቂው በቤታችን፣ የጎደለው ደግሞ ገንዘብ።

ልጃችንም ቆረጠ፤ ለዚህች ለቀንድ አውጣ እወጣለሁ አለ። ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ብር እያለ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። መጀመሪያ የገባው አንድ ሐጂ ዘንድ ነው።

«ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል?» አሉ ሐጂ።

«ለቢልሃርዚያ ምርምር። የልጆች ሰገራ በማይክሮስኮፕ እየታየ...»

«ለሰገራ ነው የምትለምነኝ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

የሐጂ ሳቅ እስኪያልቅ ልጁ ጠበቀ። ከዚያ ሒሳብ ማሽናቸውን ሳቡ።

«ተራራው ስንት ነው አልክ?»

«4,550 ሜትር።»

«ሐይቅስ ስንት ላይ ናት?»

«2,000 ገደማ።»

«እንግዲያው ያንን አላህ ነው ያወጣህ። ለእሱ ለምን እከፍላለሁ?» ቁልፎቹን ተጫኑ። «2,550።»

ግማሹን ቆጥረው ሰጡት። ቀሪውን ስትመለስ አሉት፤ ደረሰኝም አስጻፉት።