የግራር ሙጫ ንግድ ዋጋ በሱዳንና በፈረንሳይ

በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ደን ውጤቶች ንግድ የሚቀርበው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ በቶን የተመዘነ ነው። በዚህ መለኪያ ሱዳን የግራር ሙጫ ለዓለም ገበያ በማቅረብ የመጀመሪያውን ሥፍራ ትይዛለች። ፈረንሳይ ለሙጫ የሚሆን የግራር ደን ስለሌላት ከአምራቾች ተርታ አትገኝም። ቶኑ ወደ ገንዘብ በተለወጠ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በአረብኛ ሐሻብ የሚባለው ግራር በኮርዶፋንና በዳርፉር አሸዋማ ምድር ይበቅላል። ገበሬው ክረምቱ ካለፈ በኋላ የቅርንጫፉን ልጥ በስለት ይገፋል፤ ከቁስሉ የወጣው ሙጫ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደርቆ ሲያንኳልል በእጅ ይለቀማል። ዛፉ መሬትን በናይትሮጅን የሚያዳብር በመሆኑ፣ ሰሊጥና ማሽላ ያደከሙት ማሳ ለዓመታት ለሐሻብ መለቀቁ የቆየ ልማድ ነበር። የሙጫ ዋጋ ሲወድቅ ግን ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ የዋጋው ጉዳይ የአፈርም ጉዳይ ነው።

የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1912 ኤል ኦበይድ ከደረሰ ወዲህ ከተማይቱ የሙጫ ጨረታ ዋና ማዕከል ሆነች፤ ጭነቱም በፖርት ሱዳን በኩል ወደ ባሕር ማዶ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የሙጫ ኩባንያ ጥሬውን ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ ብቸኛ መብት ተሰጠው፤ መብቱም እስከ 2009 ጸንቶ ቆየ።

የፈረንሳይ ነጋዴዎች በበኩላቸው በ18ኛው መቶ ዓመት ከሴኔጋል ወንዝ ዳርቻ ሙጫ እየገዙ ለጨርቅ ማተሚያ ያውሉት ነበር። ዛሬ ፋብሪካዎቻቸው ጥሬውን በውኃ አሟሙተው፣ አጣርተውና ተሐዋስያኑን በሙቀት አጥፍተው ዱቄት ያደርጉታል። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ሠሪዎች የሚገዙት ይህንኑ ዱቄት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በዓለም ላይ በየዓመቱ በአማካይ 102,000 ቶን ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ሙጫ በ150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋጀው 53,000 ቶን ብቻ ሲሆን ዋጋው 192 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሲካፈል የመጀመሪያው በቶን 1,470 ዶላር፣ ሁለተኛው 3,620 ዶላር አካባቢ ይወጣል። ከጥሬው አብዛኛውን ሱዳን ስታቀርብ፣ ከዱቄቱ ሻጮች ግንባር ቀደሟ ፈረንሳይ ናት።

እርግጥ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ ንጹሕ ውኃና ቤተ ሙከራ ወጪ ይጠይቃሉ። የጥሬውን ዋጋ ከፍ ማድረግም ብቻውን መፍትሔ አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ ድርቅ በኋላ ዋጋው ሲንር ብዙ ደንበኞች ወደ ተሻሻለ ስታርች ዞረዋል። በአንጻሩ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫው ከክልከላው ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። ለመጠጥ ፋብሪካዎች ያለው አስፈላጊነት ይህን ያህል ነበር፤ የለቃሚው ድርሻ ግን በዚያ መጠን አላደገም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ደግሞ የኮርዶፋንን መንገዶችና ገበያዎች አውኳል።

ከሱዳን ጋር በሚዋሰኑት በመተማና በሑመራ የሚለቀመው የኢትዮጵያ ዕጣንም ከዚሁ ሒሳብ አያመልጥም። በመጋዘን ውስጥ ሴቶች በመጠንና በቀለም ከለዩት በኋላ አብዛኛው እንዳለ በጆንያ ተሞልቶ ይላካል፤ ዘይቱ የሚወጣው በገዢዎቹ አገር ነው።