ወደ ጣና የሚያመላክት ዝንባሌ
የዝንባሌ መርፌ፦ ወደ ላይና ወደ ታች በነፃነት የምትወዛወዝ የመግነጢስ መርፌ

ይህች መርፌ በፍራንክፈርት ጫፏ 66 ዲግሪ ገደማ ወደ መሬት ይወርዳል። በባሕር ዳር ግን ልትጋደም ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀራታል፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋልና።

ስደተኛ ወፎችም ይህንኑ ዝንባሌ ያነባሉ።

ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ቪልችኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፍራንክፈርት ሮቢን የተባሉ ወፎችን ሳጥን ውስጥ አስገብቶ በዙሪያቸው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በሽቦ ጥቅልል አዞረው፤ ወፎቹም አቅጣጫቸውን አብረው አዞሩ። ዝንባሌን የሚያነበው ኮምፓሳቸው ሰሜንን ከደቡብ አይለይም፤ ወደ ወገብ ወይስ ወደ ዋልታ እንደሚያመሩ ብቻ ይነግራቸዋል።

የመግነጢሳዊ መስኩ መስመር ሲጋደምስ? እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት፣ በመፀው ወቅት በኢትዮጵያ ሰማይ የሚያልፉት ጋርደን ዋርብለር የተባሉ ወፎች በአግድም መስክ ከቆዩ በኋላ «ወደ ወገብ» የሚለውን ጉዟቸውን «ወደ ዋልታ» ለወጡት። ከወገቡ ማዶ ይህ ለውጥ ደቡብን እንዳይስቱ ያደርጋቸዋል።