እንጀራ ይቁም ወይስ ይቀነስ? የስኳር ሕመምና የካርቦሃይድሬት ክርክር



ፒያሳ፣ በኑር (በኒን) መስጂድ አካባቢ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቡና ላይ ሲቀመጡ ጨዋታው የስኳር ሕመም ላይ ካረፈ ቶሎ አያልቅም። አንዱ «እንጀራና ዳቦ የተወ ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም» ይላል። ሌላው «ንጹሕ ጤፍ ምንም አያደርግም፤ ዋናው ሻይ ላይ ስኳር አለመጨመር ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ግን ሰው የሚጎዳ ስህተት አለባቸው። በዚህ ጽሑፍ እውነቱን ከስህተቱ ለመለየት እንሞክራለን።

ካርቦሃይድሬት ምን ያደርጋል?

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ገንፎ፣ በሶና ድንች ከተፈጩ በኋላ ግሉኮስ ሆነው ወደ ደም ይገባሉ። ግሉኮሱን ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል ወይም ሊያቆም ይቃረባል። በሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊኑ እንደሚገባው አይሠራም፤ ውሎ አድሮም መጠኑ ይቀንሳል።

ስለዚህ ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ከምግብ በኋላ የሚታየው የደም ስኳር እንደሚቀንስ አያከራክርም። የሚያከራክረው ምን ያህል ይቀነስ፣ ለማን፣ ለስንት ጊዜ የሚለው ነው። ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው ብዙውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ሲሆን ነው። ኬቶ የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ከ20 እስከ 50 ግራም ይወርዳል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ዋናው መንገድ ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ መከልከል ነበር። አንደኛው ዓይነት ሕመም የያዛቸው ልጆች ግን በምግብ ብቻ አልተረፉም።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት ካርቦሃይድሬትን መቀነስ የደም ስኳርን ለማሻሻል ብዙ ማስረጃ ያለው መንገድ መሆኑን ገልጿል። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ዓይነት አመጋገብ ግን እንደሌለ በዚያው ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ ሁለተኛው ዓይነት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ 23 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ጥናትም አለ። በ6 ወር ላይ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ከ6.5 በመቶ በታች የወረደው፣ ካርቦሃይድሬት ከቀነሱት መካከል 57 በመቶ፣ ከሌሎቹ መካከል 31 በመቶ ነበሩ። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ለጥቂት ወራት የሚቻለውን ለዓመታት መዝለቅ ከባድ ነውና።

በእኛ ማዕድ ሲታይ

በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ከ150 ግራም ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ብቻውን ወደ 100 ግራም ይጠጋል። ጤፍ ብረትና ፋይበር ስላለው ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ ስኳር አይጨምርም ማለት ግን አይደለም።

ማርም እንደዚሁ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ነሕል በማር ውስጥ ፈውስ እንዳለ ነግሮናል። ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ስላለው ለስኳር ሕመም መድኃኒት ብሎ መውሰድ ጉዳት አለው።

ከአንድ ትሪ ስንበላ መጠኑ ይጠፋብናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከፊት ለፊት መብላትን አስተምረውናል። ይህ አደብ ለስኳር ሕመምተኛ መለኪያም ይሆነዋል። ከመጀመሪያው ሩብ ወይም ግማሽ እንጀራ ቆርሶ ከፊቱ ያስቀምጥ፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ምስር፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ያብዛበት፤ ጭማሪ አይቀበል። ምስርና ሽሮ ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ከፕሮቲንና ከፋይበር ጋር ስለሆነ የደም ስኳርን ቀስ ብለው ይጨምራሉ፤ ዋጋቸውም ከሥጋ ይቀላል። ጉርሻ የማይተው ወዳጅ ደግሞ ፍቅሩን በጎመን ይግለጽ።

ትልቁ አደጋ

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል እንጀራውን በአንድ ጊዜ ቢያቆም ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ልኬቱ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው ኬቶ ቢጀምር ደሙ በኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል። አንደኛው ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ፈጽሞ ማቆም የለበትም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆችና የኩላሊት ሕመምተኞችም ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩት።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄዷል። ክትትሉ ፒያሳ አካባቢ የነበረ ታካሚ በርቀቱ ምክንያት እንዳያቋርጥ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ በአዲሱ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይመዝገብ። ምግብ ለመቀየር ያሰበ ሰው ያለ ክትትል መጀመር የለበትም።

ረመዷን ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች በ12,243 ሙስሊም የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ኤፒዲያር የተባለው ጥናት በረመዷን ከባድ የስኳር መውረድ በአንደኛው ዓይነት 4.7 ጊዜ፣ በሁለተኛው 7.5 ጊዜ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ከረመዷን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ጾም አያበላሽም። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ መፍታት ግድ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ፈቃዱን መጠቀም የኢማን ድክመት አይደለም።

እንግዲህ እንጀራውን መቀነስ ለብዙ የሁለተኛው ዓይነት ሕመምተኞች ይጠቅማል፤ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ያጠፋል። መጠኑን ከሐኪም ጋር ወስነን፣ ልንዘልቅበት የምንችለውን እንምረጥ። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።