ከመዝገብ የቀረችው የጓሮ መሬት

የህብረት ሥራ ዩኒየን የምስረታ በዓል ሲከበር በሪፖርት የሚቀርበው የተሰበሰበው እህል፣ የተሰራጨው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንዲሁም ለአባላት የተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ አባላት ቤት ኋላ በሪፖርት ላይ የማትሰፍር አንዲት መሬት አለች። እሷም ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ድንብላልና የጥብስ ቅጠል የሚበቅሉባት ጓሮ ናት። የዚህች መሬት ታሪክ ከማህበራቱ ታሪክ እጅግ የቀደመ ሲሆን ሠሪዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

የጓሮ ሥራ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለመረዳት ኮሰረትን ማየት ይበቃል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በርካታ ዕፅዋትን እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ልኳል። የኮሰረት ሳይንሳዊ ስም ሊፒያ አዶኤንሲስ ሲሆን ሁለተኛው ቃል «የዓድዋ» ማለት ነው። ተክሉ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በየቁጥቋጦው በራሱ የሚበቅለው ከሴ ነው። ሌላው በጓሮ እየተተከለ የሚኖረው ኮሰረት ሲሆን ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ራሱን የቻለ ዓይነት መሆኑን ለይተው «ኮሰረት» በሚለው የአገር ስሙ በሳይንስ መዝገብ አስፍረውታል። ሳይንስ ይህን ልዩነት ከመመዝገቡ በፊት ለቅቤ የሚስማማውን መርጠው፣ ቅርንጫፉን እየቆረጡ ከጎረቤት ጎረቤት እያስተላለፉ ያቆዩት ባለጓሮዎቹ ናቸው።

ሌሎቹም ቅመሞች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ተወላጅ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል ብዝሃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ ሲመዘግብ ከጤፍና ከኑግ ጋር ድንብላልን፣ አብሽንና ፌጦን ቆጥሯል። በአንጻሩ በርበሬ እንግዳ ነው። መነሻው አሜሪካ ስለሆነ ወደ አገራችን ሊገባ የቻለው ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወጥን የሚያቃጥሉት እንደ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ያሉት ነበሩ። እንግዳው በርበሬ ዛሬ የምናውቀውን ጣዕም ያገኘው ከበሶብላ፣ ከኮረሪማ፣ ከነጭ አዝሙድና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተደልዞ በመወቀጡ ነው።

ጓሮዋ በህብረት ሥራ ታሪክም የራሷ ቦታ አላት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው የአምራቾች ህብረት ሥራ ማህበራት መመሪያ መሠረት በመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም በመልባ፣ አባላት መሬታቸውን ለማህበሩ ሲያስረክቡ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ለግላቸው እንዲያስቀሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ማሳው የጋራ ሲሆን ጓሮው የቤተሰብ ሆኖ ቀረ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙዎቹ የአምራቾች ማህበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ኮሰረቱና ጤና አዳሙ ግን በየአጥሩ ሥር እንደነበሩ ነበሩ።

ዛሬ ያሉት ማህበራት መሠረት የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ያለ ፆታ ልዩነት ክፍት መሆኑ የህብረት ሥራ መርህ ነው። በተግባር ግን በብዙ ቦታ በመዝገብ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነው። በመሆኑም የጓሮዋ ባለሙያ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የላትም፤ ምርቷም በማህበሩ ሚዛን ላይ አይወጣም። በገበያ ቀን በእፍኝና በእስር ተሸጦ ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር የሚሆነው ገንዘብ ግን ከዚህችው ጓሮ ይገኛል።

ለቤተሰብ ምግብም ያላት ድርሻ ቀላል አይደለም። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና አብሽ ይገቡበታል። ኮሰረት መልካም ሽታ ከመስጠቱም በላይ ቅቤው ሳይበላሽ እንዲቆይ ይረዳል። የደረቀ በሶብላ ከሽሮ እህል ጋር ይፈጫል፤ ጤና አዳም ለቡና፣ ለአይብና ለዳጣ ይሆናል። አያያዙን የሚያውቁ እናቶች ቅጠሉን የሚያደርቁት በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ሥር ነው። ምክንያቱም ፀሐይ ሽታውን የያዘውን ዘይት ያባርረዋል።

ይህ ሀብት ዛሬ አደጋ ላይ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ጓሮው ለባህር ዛፍ፣ ለጫት ወይም ለተጨማሪ ቤት እየዋለ ነው። የተፈጨ ቅመም ከሱቅ መግዛትም እየተለመደ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል መቋቋሙ በርካታ የሰብል ዘሮችን ከመጥፋት ታድጓል። ሆኖም በቅርንጫፍ የሚራባውን ኮሰረት እንደ ስንዴ ዘር በማቀዝቀዣ አስቀምጦ መተው አይቻልም፤ በሕይወት የሚኖረው እየተተከለ ነው። የምትተክለው እናት ስታልፍ የሚረከባት ከሌለ ተክሉም እውቀቱም አብረው ያልፋሉ።

ስለዚህ ማህበራትና ዩኒየኖች ከአቅማቸው በላይ ያልሆኑ ጥቂት ሥራዎችን ሊሠሩ ይችላሉ። በየቀበሌው በጓሮ የሚገኙትን ቅመሞችና የሚያውቋቸውን ሰዎች መመዝገብ አንዱ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ቀን አባላት ዘርና ቁርጥራጭ የሚለዋወጡበት ቦታ ማዘጋጀት፣ በጥላ የደረቀ ኮሰረትና በሶብላን እንደ ማንኛውም ምርት መዝኖ መረከብም ይቻላል። ከሁሉም በላይ ሚስቶች በራሳቸው ስም አባል እንዲሆኑ የወረዳ ባለሙያዎችና የማህበራት አመራሮች ተግተው ሊሠሩ ይገባል። የጓሮዋን ዘር ለዘመናት ጠብቃ ያቆየች እጅ በማህበሩ መዝገብ ላይም ልትፈርም ይገባታልና።