«ደክሞኛል» ላሉት ሰው ምን ይመለሳል? የተነጋጋሪ ፕሮግራም ታሪክና የአገር ቋንቋዎች ሰዋስው

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር የምትገኘው ጥያ በትክል ድንጋዮቿ የታወቀች ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በዚህ ሥፍራ 36 ሐውልቶች ቆመው ሲገኙ፣ ከእነርሱ መካከል 32ቱ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ከሥራቸውም መቃብሮች መኖራቸው በቁፋሮ ተረጋግጧል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጎራዴ ጎራዴ ስለ መሆኑ ተመልካች ሁሉ ይስማማል። ከጎራዴው ጋር የተቀረጹት ሌሎች ምልክቶች ግን ምን እንደሚሉ፣ እርስ በርሳቸውም በምን ሥርዓት እንደሚያያዙ እስከ ዛሬ አጥጋቢ ፍች አልተገኘላቸውም። ነጠላው ምልክት ታውቆ ማያያዣው ሳይታወቅ ከቀረ መልእክት አይገኝም ማለት ነው። ኮምፒዩተርን በሰው ቋንቋ ለማነጋገር የተነሡ ባለሙያዎች የተጋፈጡት ችግርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ቃላቱን ለማሽኑ ማስጠናት ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ማያያዣውን ማስተማር ሆነ።

በዛሬው አነጋገር ቻትቦት የሚባለው ተነጋጋሪ ፕሮግራም በሰፊው የታወቀው፣ በርሊን የተወለደው ጆሴፍ ዋይዘንባውም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ባደረገው «ኤላይዛ» ነው። ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። በርናርድ ሾው በጻፈው ተውኔት ውስጥ አነጋገሯ በመምህር እየታረመ የምትሠለጥነውን አበባ ሻጭ ለማስታወስ የወጣ ነው። ፕሮግራሙ የሚነገረውን ነገር ፈጽሞ አይረዳም ነበር። ከተናጋሪው ዓረፍተ ነገር አንድ ቁልፍ ቃል ይመርጣል፤ «የእኔ» የሚለውን በ«የአንተ»፣ «እኔ» የሚለውን በ«አንተ» ይለውጣል፤ የተረፈውን እንዳለ አንሥቶ በጥያቄ መልክ ይመልሳል። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ማርኳል። የዋይዘንባውም ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ያየች ሆና እንኳ፣ ከእርሱ ጋር ብቻዋን ለመጨዋወት አለቃዋን ከክፍሉ እንዲወጣላት መጠየቋን እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ በሥጋት አትቶታል።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ወደ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ክሪኤቲቭ ኮምፒዩቲንግ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በቤዚክ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ቅጂውን ስላተመ፣ ትንሽ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ገልብጦ እየጻፈ በቤቱ የራሱን ተነጋጋሪ ለመሥራት ቻለ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለዚህ ዓይነቱ የእጅ ሥራ የተመቸ ነበር። በዚያ ቋንቋ ተውላጠ ስሙ ከግሡ ተለይቶ የቆመ ቃል ስለሆነ፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መትከል ይበቃል። ከዚህም በላይ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለሽማግሌ፣ ለሕፃን፣ ለአንድም ለብዙም የሚያገለግለው የሁለተኛ መደብ ቃል አንድ ብቻ ነው።

ይኸው ዘዴ ወደ አማርኛ ሲመጣ የሚፈርሰው ከመጀመሪያው መልስ ጀምሮ ነው። አንድ ሰው «አባቴ ታመመ» ብሎ ቢጽፍ፣ ማሽኑ «አባቴ» የሚለውን ወደ «አባትህ»፣ «አባትሽ»፣ «አባትዎ» ወይም «አባታችሁ» ሊለውጠው ይችላል፤ ከአራቱ የትኛው እንደሚገባ ግን ከተጻፈው ዓረፍተ ነገር ፍንጭ አያገኝም። ምርጫው ቢቀናውም ገና ሁለተኛ ፈተና አለበት። ልጅ ስለ አባቱ «ታመመ» ቢል ነውር የለበትም፤ ጠያቂው ግን «አባትህ መቼ ታመሙ?» ይላል እንጂ የልጁን ግሥ እንዳለ አንሥቶ አይመልስለትም። በሌላ ቋንቋ የቃል ቅጂ የሆነው መልስ በአማርኛ የሰው አባት ማቃለል ይሆናል።

«ደከመኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይዟል። የተናጋሪው ምልክት በዚህ ቃል ውስጥ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ሆኖ የገባ ነው፤ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» ሁሉ የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው። «መጣሁ» ለሚለው «መጣህ» ብሎ መመለስ የተማረ ፕሮግራም በዚያው ሕግ ቢሄድ «ደከምህ» ይላል። «ደከምህ» ስሕተት የሌለበት አማርኛ ነው፤ ፍቺው ግን ጣርህ፣ ለፋህ ማለት እንጂ ድካም ተሰማህ ማለት አይደለም። የቤት ሠሪው ፕሮግራም ሰዋስው ሳያፈርስ ነገር የሚያበላሸው እንዲህ ባለው ሥፍራ ስለሆነ ስሕተቱን ለማወቅ እንኳ ይቸግራል። የሚገባው መልስ «ምን አደከመህ?» ወይም «ለምን ደከመህ?» ነው፤ የሚለወጠውም የተሳቢው ምልክት ብቻ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ በአንደኛ መደብ ጾታን አይገልጽም። «መጣሁ»፣ «ደክሞኛል»፣ «እፈልጋለሁ» የሚሉት ቃላት ወንድ ይናገራቸው ሴት አያስታውቁም። በሁለተኛ መደብ ግን ነጠላ ተነጋጋሪን ጾታውን ሳይገልጹ ወይም ሳያከብሩ ማነጋገር የማይቻል ነው። ስለዚህ ማሽኑ አንድ ገጽ ሙሉ ንግግር ካነበበ በኋላ እንኳ የሚያነጋግረው ሰው ማን መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ አንድ ቃል ለመመለስ ደግሞ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ስም መጠየቅም ሁልጊዜ አያድንም፤ ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነው። አንዲት የጥያ አሮጊት በልጅ ልጃቸው ስልክ «ደክሞኛል» ብለው ቢያጽፉና «ደክሞሃል?» የሚል መልስ ቢያገኙ፣ ጥፋቱ የሆሄ ስሕተት ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም፤ እርሳቸውን አለማየት ነው።

መውጫ መንገዱን ግን ቋንቋው ራሱ ይዞታል። «እርስዎ» ወንድና ሴት አይለይም። የማያውቁትን ሰው በአክብሮት ጀምሮ «አንተ በለኝ» ወይም «አንቺ በለኝ» እስኪባል መቆየት የአገሩ የቆየ ወግ ነው። ለማሽን ሠሪውም ከሁሉ የሚሻለው ሕግ ይኸው ይመስላል። እርግጥ ነው፣ የአሥር ዓመት ልጅ «ደክሞዎታል?» ሲባል መሣቁ፣ አልፎም የተቀለደበት መስሎት መቀየሙ አይቀርም። ይሁን እንጂ ልጅን አንቱ ብሎ ከማሣቅና አሮጊትን አንተ ብሎ ከማስከፋት የቀለለው የትኛው እንደሆነ ማከራከር የለበትም።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ መሠረት የሆኑት ነገሮች የተገኙት አንድ በአንድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 1,065 የዋልታ ዜናዎችን ወስደው፣ 210,000 ያህል ቃላትን ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል እያሉ በእጅ ለይተው አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትን «ሆርንሞርፎ» የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ይህ ፕሮግራም ቃልን ወደ ሥሩና ወደ ምዕላዶቹ ከመፍታቱም ሌላ፣ ከሥሩ ተነሥቶ የተፈለገውን ቅርጽ ለመገንባት ይችላል። ለመልስ ሰጪ ማሽን ዋናው ሥራ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሥሩን፣ መደቡን፣ ጾታውንና አክብሮቱን ከነገሩት «ደክሞዎታል» የሚለውን ራሱ ይሠራዋል። ማንን እንደሚያነጋግር ግን የሚነግረው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ዓለምን ያነጋገሩት ታላላቆቹ የቋንቋ ማሽኖች ሕግ በእጅ አይጻፍላቸውም፤ ከተከማቸ ጽሑፍ ራሳቸው ይለቅማሉ። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። በብዛት የሚገኘው የአማርኛ ጽሑፍ ዜናና የሃይማኖት መጽሐፍ ነው። ዜና «አስታወቁ»፣ «ገለጹ» እያለ በሦስተኛ መደብ ይሄዳል፤ አንባቢውን አያነጋግርም። በቅዱስ መጽሐፍ ደግሞ ፈጣሪም ንጉሥም «አንተ» ይባላሉ። በቡና ላይ የሚደረገው ጨዋታ፣ «እንዴት ዋሉ እማማ?» የሚለው አነጋገር የሚኖረው በአፍ ነው። በዜና የሠለጠነ ማሽን ለታመመ ሰው በዜና አንባቢ ድምፅ ቢመልስለት ሊያስገርም አይገባም።

ከአማርኛ ወደ ጉራጌ ቋንቋዎች ሲታለፍ ነገሩ ይበልጥ ይጠጥራል። በጥያ ዙሪያ በሚነገረው በክስታንኛ፣ የዋናው ዓረፍተ ነገር አዎንታዊ ግሥ በመጨረሻው ላይ ልዩ ምልክት ይይዛል፤ ግሡ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ሲገባ ያ ምልክት ይወድቃል። ስለዚህ ግሡን ከጥያቄው እንዳለ ገልብጦ የሚመልስ ማሽን፣ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን ያጎድላል። በወልቂጤ በኩል በሰባት ቤት ጉራጌ ከሚነገሩት አንዱ የሆነው ቸሃ ደግሞ በብዙ ቁጥር እንኳ ወንዶችንና ሴቶችን ይለያል፤ አማርኛ በ«እናንተ» የሚሸሸገው ጾታ በቸሃ መሸሸጊያ የለውም። ዎልፍ ሌስላው የመዘገበውና ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ለቋንቋ ሳይንስ ምሁራን ያስተዋወቀው የቸሃ ባሕርይ ከሁሉ ይደንቃል። «እርሱን» የሚለው ተሳቢ ከግሡ ተነባቢዎች አንዱን ከንፈር በማሾል ብቻ ሊገለጽ ይችላል፤ ሴትን በማዘዝ ጊዜም ተነባቢው ወደ ላንቃ ይለሰልሳል። ፕሮግራም ሠሪው እንደ አማርኛ ከቃሉ ጫፍ ላይ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ነገር አያገኝም።

ከዚህም በፊት የፊደል ጥያቄ ነበረ። ከንፈር የሚያሾሉት ኰ፣ ቈ፣ ጐ ከግዕዝ የተወረሱ ስለሆኑ ችግር አልነበረባቸውም። ለመ፣ ለበ፣ ለፈና ለፐ ግን የሰባት ቤት ጉራጌ ጽሑፍ የሚያስፈልጉት ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ፣ ᎌ እና ተከታዮቻቸው በዩኒኮድ የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደሎች የገቡትም በ2021 ነው። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ የቸሃን ሰዋስው ጠንቅቆ ቢማር እንኳ፣ በአንዳንዱ ግሥ ላይ «እርሱን» የሚለውን የሚጽፍበት ፊደል አልነበረውም።