ስለ ውሻ ዘር የሚነገሩ የተሳሳቱ ግምቶች

በሀርጌሳ አየር ማረፊያ የሚወርድ ጎብኚ እንዲያሳዩት ከሚጠይቃቸው ቦታዎች አንዱ ላስ ጌል ነው። ላስ ጌል ከከተማይቱ በስተሰሜን ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ በርበራ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ብዙ የድንጋይ መጠለያዎች ያሉበት ኮረብታ ነው። ስሙ በሶማልኛ የግመሎች ውሃ መጠጫ ማለት ሲሆን፣ በድንጋዩ ላይ ጎልተው የሚታዩት ግን በቀይ፣ በነጭና በሌሎችም ቀለሞች የተሣሉ፣ አንገታቸው ያጌጠ ላሞች ናቸው። ከላሞቹ ሥር ሰዎች ቆመዋል። ከሰዎቹም አጠገብ አልፎ አልፎ ውሻ ይታያል።

ሥዕሎቹ 5,000 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ይገመታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአካባቢው ሰዎች ቦታውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በውጭው ዓለም የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በግዛቪየ ጉቴርዝ የተመራ የፈረንሳይ የአርኪዎሎጂ ቡድን ከደረሰበት በኋላ ነው። መዘግየቱ አያስደንቅም። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከዚያው ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ሀርጌሳን ደብድበዋል፤ ከዚያም በኋላ አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ታምሳለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዋሻ ሥዕል የሚያጠና ሰው ሊገኝ አይችልም።

አንድ መምህር የዚህን ሥዕል ፎቶግራፍ ለተማሪዎቹ ቢያሳይ፣ «ይህ ውሻ ዘሩ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ እንደማይቀር እናምናለን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ የተሳሳተ ግምት ተሸሽጎበታል። ይኸውም ዛሬ «ዘር» ብለን የምንጠራቸው የውሻ ዓይነቶች ከጥንት ጀምሮ ተለይተው የኖሩ ናቸው የሚለው ግምት ነው። እስቲ ነገሩን ከታሪክ አንጻር እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ ውሻ የአፍሪካ ምድር ተወላጅ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚስማሙበት ለማዳው ውሻ የተገኘው በአውሮፓና በእስያ ይኖር ከነበረ ግራጫ ተኩላ ሲሆን፣ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14,000 ዓመት ሆኖታል። ወደ አፍሪካ የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የላስ ጌል ውሻ የእረኞች ጓደኛ ሆኖ በሰሜን በኩል የመጡ ውሾች ዝርያ ነው ማለት እንችላለን። ከዚህ አልፎ የዛሬ ስም መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ከሥዕሎቹ በኋላ ስለ አካባቢያችን ውሾች በጽሑፍ የምናገኘው ማስረጃ ከግብፅ ነው። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት መርከቦችዋን ወደ ፑንት ምድር ልካ እንደነበር በዴይር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስዋ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። መርከበኞቹ ይዘው ከተመለሱት ዕጣን፣ ከርቤ፣ ዞጲ፣ ዝንጀሮና የነብር ቆዳ ጋር ውሾችም ተቆጥረዋል። ፑንት የት እንደነበረ ብዙ ተከራክረውበታል፤ በ2020 የወጣ፣ በግብፅ በተገኙ የዝንጀሮ ቅሪቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ወደ ዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ አካባቢ ያመለክታል። እንግዲህ አገራችንና ጎረቤቶችዋ በዚያ ዘመን ውሻ የሚያስመጡ ሳይሆኑ ለፈርዖኖች ውሻ የሚልኩ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ውሻ ሲባል «የፈረንጅ» ካልሆነ የማይጥመን ሰዎች ይህን ብናስታውስ መልካም ነበር።

ግብፃውያን ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ወገቡ የቀጠነ አዳኝ ውሻ ነበራቸው፤ በቋንቋቸውም ቴሴም ይሉት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በማልታ ደሴት ይህን የሚመስል ውሻ አገኙና «የፈርዖን ውሻ» ብለው ሰየሙት። ማልታውያን ግን ስሙን ከልብ ታል ፈነክ፣ ማለትም የጥንቸል ውሻ ይሉታል፤ ጥንቸል ያድኑበታልና። መልኩ ከመቃብር ሥዕሎቹ ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ በቀጥታ ከፈርዖኖች ቤት የወረደ ነው ተብሎ በየመጻሕፍቱ ተጻፈ። በ2004 ግን የ85 ዘሮች ውሾች በዘር ቅንጣታቸው ሲመረመሩ፣ የፈርዖን ውሻ የተባለው በቅርብ ጊዜ በእርባታ ከተገኙት ወገን ሆኖ ተገኘ። በዚሁ ምርመራ ከጥንታውያኑ ወገን ከተመደቡት አንዱ የኮንጎው ባሰንጂ ነው። ታላቅ ስም ያልወጣለት የጫካ ውሻ ታላቅ ስም ከወጣለት በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ውሻ ሲነሣ እኛንም የሚነካ ሌላ ተረት አለ። በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ከግብፅ በስተደቡብ «ኢትዮጵያ» ብሎ በሚጠራው ምድር ውሻን ያነገሡ፣ ከእንቅስቃሴውም ትእዛዙን የሚተረጉሙ ሕዝቦች እንዳሉ ጽፏል። ፕሊኒ በዓይኑ ያየው ነገር አልነበረም። ሆኖም ጽሑፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገለበጥና ሲጠቀስ ኖሯል። ለታሪክ መምህር ጥሩ ምሳሌ ይመስለናል፤ የሩቅ አገር ወሬ አንድ ጊዜ ከተጻፈ የሚያርመው አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የውሻ ዘር በመዝገብና በማኅበር መጠበቅ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ነው። ቀድሞም ቢሆን አዳኝ፣ ጠባቂ፣ የበግ እረኛ እየተባለ ውሻ በሥራው ይለይ ነበር፤ መልኩ ግን ብዙም አያሳስብም ነበር። በ1859 በኒውካስል ከተማ የውሻ ውድድር ተደረገ፤ በ1873 የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የጆሮ አቋቋም፣ የአፍንጫ ርዝመት፣ የጠጉር ቀለም ሁሉ በደንብ ተወሰነ፤ ከደንቡ የወጣም ከመዝገብ ተሠረዘ። በጥበቃ ሥራ የታወቀውና እኛ በልማድ የጀርመን ውሻ የምንለው እንኳ የተመዘገበ ዘር የሆነው በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጦር መኮንን አንድ የእረኛ ውሻ ገዝቶ ማኅበር ካቋቋመ በኋላ ነው። ከአድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ብዙዎች ግን ከዱር ተኩላ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ጥንታዊ ዘር ይመስላቸዋል።

ስሞቹም ያሳስታሉ። «ታላቁ ዴንማርካዊ» የተባለው ውሻ የጀርመኖች እርባታ ነው። «የአውስትራሊያ እረኛ» የሚባለው በአሜሪካ የተራባ ነው። የአልፕስ ተራሮቹ ሳን ቤርናር ደግሞ በአንገቱ የአረቄ በርሜል አንጠልጥሎ በበረዶ የተቀበሩትን የሚያድን ተደርጎ ይሣላል፤ ይህን ሥዕል ያስለመደው በ1820 ኤድዊን ላንድሲር የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ ከውሾቹ ጋር የኖሩት መነኮሳት እንዲህ ያለ በርሜል የማንጠልጠል ልማድ አልነበራቸውም።

በአገራችንም ከዚህ የማይርቅ ምሳሌ አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀች ነበረች። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ሉሉን የጃፓን ዘር አድርጎ አቅርቧል። በብዛት የሚነገረው ግን ቺዋዋ መሆንዋ ነው፤ ቺዋዋ ደግሞ የሜክሲኮ ውሻ ነው። በዓለም ላይ ከማንም ይበልጥ ፎቶግራፍ ከሚነሡት አንዱ በነበሩት ንጉሠ ነገሥት እቅፍ ውስጥ የታየች ውሻ ዘርዋ እንዲህ ከተምታታ፣ በመንገድ ላይ ያየነውን ውሻ በዓይን ገምተን «ይህ እንዲህ ያለ ዘር ነው» ማለታችን ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚከፋው ግን ስለ ራሳችን ውሻ ያለን ግምት ነው። የፈረንጅ ውሻ ታጥቦ፣ ተከትቦ፣ ሥጋ ተቆርጦለት ይኖራል። «የአበሻ ውሻ» ግን ትርፍራፊ ይጣልለታል፤ ዲቃላ፣ ዘረ ቢስ ይባላል። በ2009 በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾች ላይ የተደረገው ጥናት ያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኞቹ የመንደር ውሾች ከፈረንጅ ውሾች ቅልቅል የተገኙ ሳይሆኑ የየአካባቢው ነባር ውሾች ናቸው። የአፍሪካ ነው የሚባለውና የተመዘገበው የሮዴሽያ ሪጅባክ ግን በአመዛኙ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ የዘር ሐረግ ይዞ ተገኝቷል። ጥናቱ ኢትዮጵያን ባይጨምርም፣ ደጃችን ላይ የሚያንቀላፋውን ውሻ ዘረ ቢስ ከማለታችን በፊት እንድናስብ ያደርገናል። ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲከላከል የሚያድር የገበሬ ውሻ በውድድር ሜዳ ሜዳልያ ባይሸለምም ለዚህ አገር ኑሮ የተፈተነ ነው።

ስለ ጠባይም እንዲሁ ነው። አንዱ ዘር ክፉ፣ ሌላው ደግ፣ ሌላው ታማኝ ተደርጎ ይነገራል። በ2022 በአሜሪካ ከ18,000 የሚበልጡ ውሾች ባለቤቶች ተጠይቀው፣ ከ2,000 የሚበልጡት ውሾች የዘር ቅንጣታቸው ተመርምሮ ውጤቱ ታትሟል። በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዘር የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ከአስተዳደግ፣ ከአያያዝና ከየውሻው ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ታስሮ፣ ተርቦና ተደብድቦ ያደገ ውሻ ሲናከስ በዘሩ ማመካኘት ተገቢ አይመስለንም።

ከለማዳው ውሻ ወጥተን ወደ ዱር ዘመዱ ብንሄድ፣ የስም ስሕተት ምን ያህል ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በይበልጥ እናያለን። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚኖረውን እንስሳ እኛ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ሰሜን ተራሮችን ከጎበኘ በኋላ ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ከውሻ ወገን መድቦ በሰሜን ስም ጠራው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ የሰሜን ቀበሮ፣ ሌላው የሰሜን ውሻ ሲለው ቆየ። በ1994 የታተመ የዘር ቅንጣት ምርመራ ለግራጫው ተኩላ የቀረበ መሆኑን ስላረጋገጠ አሁን የሚታወቀው የኢትዮጵያ ተኩላ በሚለው ስም ነው። እዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ፤ በአማርኛ ተኩላ ስንል ብዙ ጊዜ በመንጋ የሚያድነውን ዥጉርጉሩን የቆላ አውሬ ማለታችን ነው። ተማሪዎች ሁለቱን እንዳያምታቱ መምህራን ልዩነቱን ቢያስረዱ ይበጃል።

ቀይ ቀበሮ በጎችን ይጨርሳል ተብሎ ሲገደል ኖሯል። ዋና ምግቡ ግን ፍልፈልና አይጥ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያህል አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩም የሚኖረው በባሌ ነው። ቀንደኛ ጠላቱ ደግሞ ከለማዳው ውሻ የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው በ1991 እና በ1992፣ ኋላም በ2003 በባሌ ብዙዎቹን ገድሏል። ስለዚህ ነው በተራራው ዙሪያ ያሉ የመንደር ውሾች እንዲከተቡ የሚደረገው።

ይህ በሽታ ለሰውም ያው ነው። ሉዊ ፓስተር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ መከላከያው ታውቋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽታው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድላል። «የፈረንጅ ውሻ አያብድም»፣ «የታወቀ ቤት ውሻ ነው፣ ምንም አይልም» የሚሉ አነጋገሮች እጅግ አደገኛ ናቸው። ያልተከተበ ውሻ ከየትም ይምጣ ሊያብድ ይችላል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተነከሰ ተማሪ ሲያጋጥም፣ የውሻው ዓይነት ሳይጠየቅ ቁስሉ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መታጠብ፣ ተማሪውም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ እንዳይገደል አስሮ ለ10 ቀናት መከታተል ይገባል፤ ሐኪሙ ክትባቱን ለመቀጠል ወይም ለማቆም የሚወስነው ይህንንም ተመልክቶ ነውና።