ስውሩ ሞት፦ የድያፍራም ክፍተት የቅድመ ወሊድ ምርመራ ታሪክ ከአዳማ ሲታይ



ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ በፅንሱ የመጀመሪያ ወራት ሳይገጥም ሲቀር፣ አንጀትና ሌላው የሆድ ዕቃ ወደ ደረት ይገባል፤ ሳንባም የሚያድግበት ስፍራ ያጣል። የፕራጉ የአካል ጥናት ሊቅ ቦክዳሌክ ይህን ክፍተት በ1848 እ.ኤ.አ. ገለጸው። በ1946 የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ግሮስ፣ ከተወለደ 24 ሰዓት ያልሞላውን ሕፃን በቀዶ ሕክምና ማዳኑን አስታወቀ።

በነዚያው ዓመታት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል ከፍተው ድሬሰሮችን ያሠለጥኑ ነበር። ያን ጊዜ የፅንስን ሳንባ መለካት የሚችል ሐኪም በናዝሬትም በቦስተንም አልነበረም። ልዩነቱ የሰፋው ኢያን ዶናልድ በግላስጎው ያካሄደውን የአልትራሳውንድ ጥናት በ1958 ካሳተመ በኋላ ነው።

ከዚያም አንድ ስሕተት ተጋለጠ። ቀዶ ሐኪሞች የመዳን ስሌታቸውን የሠሩት እጃቸው በደረሱት ሕፃናት ላይ ብቻ ነበር፤ በማሕፀን ወይም በመንገድ የሞቱት አልተቆጠሩም። ማይክል ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ይህን «ስውር ሞት» አሉት። በ1996 የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች፣ ከክፍተቱ በተቃራኒ ያለውን ሳንባ ስፋት ለጭንቅላት ዙሪያ በማካፈል ክብደቱን መመዘን ጀመሩ። ዛሬ ውጤቱ ለፅንሱ ዕድሜ ከሚጠበቀው ከ25 በመቶ በታች ሲሆን ችግሩ ከባድ ይባላል። በ2021 በታተመ ጥናት፣ የግራ ክፍተታቸው ከባድ ከሆነው መካከል፣ በማሕፀን ሳሉ በመተንፈሻ ቧንቧቸው ፊኛ የገባላቸው 40 በመቶ፣ ያልገባላቸው 15 በመቶ በሕይወት ከሆስፒታል ወጡ።

ይህ ፊኛ ለመቂ ወይም ለባቱ እናት ሩቅ ነው። መለኪያው ግን ለእርሷ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የምትወልድበትን ስፍራ ያስመርጣታል። አስቀድሞ ከታወቀ፣ ምጥ ሳይጀምራት የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት አዲስ አበባ ትደርሳለች። ካልታወቀ ግን መተንፈስ ያቃተው አራስ ጉዞውን የሚጀምረው ከተወለደ በኋላ ነው፤ ከሞተም የሞቱ ምክንያት ሳይታወቅ ይቀበራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግ ከ2016 ጀምሮ ይመክራል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ በዚያች አንድ ምርመራ የፅንሱን ልብ ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ልቡ በስፍራው አለን? ጨጓራውስ ከልቡ ጎን ይታያልን? ስውሩን ሞት ከመዝገብ ውጭ እንዳይቀር የሚያደርገው ይህ ጥያቄ ነው።